መጨረሻውን ሳያዩ መሥራት፦ የፓራሜዲክ ሙያ የሚሰጠውና የሚወስደው

«የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በቅርቡ የፓራሜዲክ ሥልጠና ለመጀመር ወስኛለሁ። ቤተሰቦቼ ‹ቀን ከሌት ደምና ሬሳ ማየት አእምሮህን ይጎዳዋል› ይሉኛል፤ ጓደኞቼ ደግሞ ‹ሰው ከማዳን የሚበልጥ ምን ሥራ አለ› እያሉ ያበረታቱኛል። በሙያው ለዓመታት የሠራ ሰው እውነቱን እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ። ይህ ሥራ ከሚወስደው የሚሰጠው ይበልጣል ወይ? ሰው እጄ ላይ ሲሞትስ ምን አደርጋለሁ?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልኛል።

ላለፉት 19 ዓመታት በፓራሜዲክነት፣ ማለትም በአምቡላንስ ወደ ሕመምተኛው እየሄድሁ የድንገተኛ ሕክምና በመስጠት፣ ሠርቻለሁ፤ ከእነዚህም የመጨረሻዎቹን 7 ዓመታት ከተረኝነቴ ጎን ለጎን አዳዲስ ሠልጣኞችን በተግባር ልምምድ ሳስተምር ቆይቻለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ የገረመኝ ቤተሰቦችዎም ጓደኞችዎም የሚያዩት አንድ ዓይነት ሥዕል መሆኑ ነው፤ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው፣ ደም፣ የሚጮህ ሳይረን፣ ከዚያም ወይ ሞት ወይ መዳን። ይህንኑ ሥዕል አይቶ አንዱ ወገን ይፈራል፣ ሌላው ይደነቃል። የሥራው አብዛኛው ክፍል ግን በዚህ ሥዕል ውስጥ የለም፤ የሚከብደውም የሚያረካውም ሌላ ቦታ ነው።

ፈረቃ የሚጀምረው በመቁጠር ነው። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ምን ያህል እንደቀረው፣ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለው የዲፊብሪሌተር ባትሪ መሙላቱ፣ ደረት ላይ የሚለጠፉት ፓዶች ጊዜያቸው አለማለፉ፣ የመምጠጫው ማሽን መሥራቱ፣ የአድሬናሊኑና የግሉኮሱ ብዛት፣ የሕፃናት ጭምብል በቦታው መኖሩ አንድ በአንድ ይታያል። አዲስ ሠልጣኞች ይህን ሰዓት እንደ ጽዳት ሥራ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን አንድ ሰው በዚህ ሙያ ይቆይ እንደሆነ የምገምተው ሻንጣ ሲፈትሽ አይቼ ነው። ጥሪ ሲመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀን የአደጋ ቦታ አይደለም። ወድቀው መነሣት ያቃታቸው አረጋዊ፣ ሌሊት ትንፋሽ ያጠራቸው የልብ ሕመምተኛ፣ ትኩሳት አንቀጥቅጦት ወላጆቹ የደነገጡለት ሕፃን፣ ደረቱን የጨነቀው ሰው፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ መኖር ያስጠላው ወጣት፣ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላው የሚዛወር ታካሚ፣ እነዚህ ናቸው የዕለት ተዕለት ሥራችን። ከባድ የአካል ጉዳትና የልብ መቆም ከጠቅላላው ጥሪ ጥቂቱን ድርሻ ብቻ ይይዛሉ። ጀብዱ ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ የሚሰለቸውም ለዚህ ነው፤ እየተሰላቸም ቢሆን ይሠራል፣ ያን ጊዜም ስሕተት ይጀምራል።

ስሕተት ስል የመድኃኒት ስሕተትን ብቻ ማለቴ አይደለም። በሥራዬ አምስተኛ ዓመት አካባቢ በአንድ ሌሊት «ሰክሮ ያስቸግራል» ተብሎ ወደተጠራንበት ቤት ደረስን። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ፈገግ እያሉ ነበር። ሰውዬው ላብ አጥምቆታል፣ ንግግሩ ተኮላትፏል፣ ልንነካው ስንል በእጁ ይገፋናል። ከእኔ ጋር የነበረው የሥራ ባልደረባዬ ምንም ሳይናገር ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ለካ፤ በዴሲሊትር 28 ሚሊግራም ነበር። ከ70 በታች ሲሆን ዝቅተኛ ይባላል፤ በ28 ላይ አንጎል ነዳጅ አልቆበታል ማለት ይቻላል። በደም ሥሩ ግሉኮስ ከሰጠነው በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑን አቅንቶ ስሙን ነገረን፣ ቤቱ ውስጥ ለምን እንደተሰበሰብን ጠየቀን። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ንቃተ ኅሊናው የተዛባን ሰው ሁሉ፣ ሰዎች ስለ እሱ ምንም ይበሉ ምን፣ ስኳሩን ሳልለካ አላልፍም። የዚህ ሙያ ትልቁ ችሎታ ፍጥነት ሳይሆን፣ በር ላይ በሰሙት ወሬ ሳይመሩ በሥርዓት መመርመር ነው፦ ቦታው ለእርስዎም ለባልደረባዎም አደገኛ አለመሆኑ፣ ከባድ የደም መፍሰስ መኖር አለመኖሩ፣ የአየር ቧንቧ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር፣ ንቃተ ኅሊና። ቅደም ተከተሉ በሥልጠና የመጀመሪያ ሳምንታት የሚጠና ነገር ነው፤ ሰዎች በዙሪያዎ እየጮኹ ሳለ አለመዝለልን ለመልመድ ግን ዓመታት ይወስዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለዚህ ሥራ ሰዎች የማይነግሩዎት፣ እኔም ስጀምር ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ መጨረሻውን እንደማያዩ ነው። ሐኪም ታካሚውን በማግስቱ ያየዋል፤ ነርሷ ቁስሉ ሲደርቅ ትመለከታለች፤ ፓራሜዲክ ግን ታካሚውን በድንገተኛ ክፍል ያስረክባል፣ ወረቀት ይፈርማል፣ ቃሬዛውን በመድኃኒት አጥቦ ይወጣል። የሰውዬውን ስም እንኳ ለሚቀጥለው ጥሪ ስንነሣ የምንረሳበት ጊዜ አለ። ዳነ? እግሩ ተቆረጠ? የተናገረው የመጨረሻ ቃል ለእኔ ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለም።

ይህ ነገር በልብ መቆም ላይ ጎልቶ ይታያል። ልቡ የቆመ ሰው ጋ ስንደርስ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ሰው ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጠልቆ እንዲገባ ደረቱን እንገፋለን፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ክንድ ስለሚዝል በየሁለት ደቂቃው እንቀያየራለን፤ ምቱ በኤሌክትሪክ የሚስተካከል ከሆነ ዲፊብሪሌተሩን እንጠቀማለን፤ አድሬናሊን በየ3 እስከ 5 ደቂቃው እንሰጣለን። ደረቱን የሚገፋለትና ዲፊብሪሌተር የሚያመጣለት ሰው ካልተገኘ፣ በምት መዛባት ልቡ የቆመ ሰው የመዳን ዕድሉ በእያንዳንዱ ደቂቃ ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ውጤቱ በአመዛኙ የሚወሰነው እኛ ከመድረሳችን በፊት፣ አጠገቡ የነበረው ሰው እጁን ደረቱ ላይ ማሳረፉና አለማሳረፉ ላይ ነው። ሁሉም ነገር በደንብ ተደርጎም፣ ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከቆመ ሰዎች በሕይወት ከሆስፒታል የሚወጡት በብዙ አገሮች ከአሥር አንድ ገደማ ናቸው። ልባችን በደስታ የሚዘልበት «ምቱ ተመለሰ» የሚባለው ቅጽበትም መዳን ማለት አይደለም፤ ምታቸው ከተመለሰላቸው ብዙዎቹ በሚቀጥሉት ቀናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይሞታሉ። እኔ ምታቸው ሲመለስ ካየኋቸው ሰዎች የኋላ ታሪካቸውን የማውቀው የጥቂቶቹን ብቻ ነው።

ይህ እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሙያው ራሱ የተፈጠረው በሰንሰለት ውስጥ አንድ ቀለበት እንዲሆን ነው። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በብዙ አገሮች አምቡላንስ ማለት ሰውን አጋድሞ የሚያደርስ መኪና ነበር፤ በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ይህን አገልግሎት ይሰጡ የነበሩት የቀብር ድርጅቶች ነበሩ። ፍራንክ ፓንትሪጅ የተባሉት የልብ ሐኪም በ1966 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አየርላንድ ከተማ በቤልፋስት ዲፊብሪሌተርን በአምቡላንስ ጭነው ወደ ታካሚው ይዘውት ሄዱ፤ የመጀመሪያው መሣሪያ በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ነበር። ዘመናዊውን የትንፋሽ እርዳታ ካስፋፉት ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፒተር ሳፋር በዚያው ዓመት ሴት ልጃቸውን በአስም አጡ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካዋ ከተማ በፒትስበርግ ፍሪደም ሃውስ በተባለ ድርጅት ሥር፣ ሥራ የማይሰጣቸው ይባሉ የነበሩ፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑ ወጣቶችን አሠልጥነው በዘመኑ ወደር ያልነበረው የአምቡላንስ አገልግሎት እንዲመሠረት አደረጉ። ይህን ታሪክ ለሠልጣኞቼ ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ሰዎቹ ለሙያው «የተፈጠሩ» ተብለው የተመረጡ አልነበሩም፤ ተማሩት። «ለዚህ ሥራ የሚሆን ልብ አለኝ ወይ» ብለው ከተጨነቁ፣ ልቡም ቢሆን በሥልጠና የሚገኝ ነገር መሆኑን ይወቁ።

ስለ ሽልማቱ ጠይቀዋል። መጨረሻውን የማያይ ሰው ደስታውን ከመጨረሻው ሊጠብቅ አይችልም፤ ከመካከል መውሰድን መልመድ አለበት። አስም ያፈነው ሰው በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል እንኳ መናገር አቅቶት እናገኘዋለን፤ የአየር ቧንቧን የሚከፍተውን ሳልቡታሞል የተባለ መድኃኒትና ኦክስጅን ከሰጠነው በኋላ መንገድ ላይ ሳለን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ያ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ «ጫማዬን ረሳሁ» የሚል ዓይነት ተራ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ የሚጥም ንግግር የለም። ዳሌዋ የተሰበረ አሮጊት ሕመሟ ሳይታገሥላት አላነሣትም ብለው መድኃኒቱ እስኪሠራ አብረዋት መቀመጥ፣ ቃሬዛው ደረጃ ሲወርድ ፊቷን እያዩ መውረድ፣ ይህም ሽልማት ነው። አምቡላንስ ውስጥ በእጄ የተወለዱ ልጆች አሉ፤ ሕፃኑን አድርቆ፣ ከእናቱ ገላ ጋር አስጠግቶ፣ እስኪያለቅስ ድረስ የሚጠበቁት ሰከንዶች ከየትኛውም ሰዓት የረዘሙ ናቸው። የስትሮክ ምልክት ጠርጥሬ፣ ፊቱ የተጣመመበትን ሰዓት ከቤተሰቡ በትክክል ጠይቄ፣ ቀድሜ ለሆስፒታሉ ደውዬ ያደረስሁት ሰውም አለ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛ አሠራር የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ በመሆኑ፣ ያችን አንዲት ሰዓት በወረቀት ላይ በትክክል መጻፌ ከማንኛውም መርፌ የበለጠ ጠቅሞት ሊሆን ይችላል። እሱ ግን እኔን አያስታውሰኝም። ይህን መቀበል ለማይችል ሰው ሥራው መራራ ይሆንበታል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያምኑን መሆኑ ነው። የማያውቁት ሰው በሌሊት ልብስ ሆኖ በሩን ይከፍትልዎታል፣ መኝታ ቤቱ ያስገባዎታል፣ ለልጆቹ ያልነገረውን ሕመም ይነግርዎታል። በሌላ ሙያ ይህን እምነት ለማግኘት ዓመታት ይወስዳል፤ እኛ ደንብ ልብስ ስለለበስን ብቻ በሁለት ደቂቃ እናገኘዋለን። ይህን እምነት ተሸክሜ ስገባ አሁንም፣ ከ19 ዓመት በኋላም፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

የሚወስደውን ደግሞ ሳላድበሰብስ ልንገርዎ። ቤተሰቦችዎ የፈሩት አንድ አሰቃቂ ነገር አይተው እንዳይሰበሩ ነው፤ እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ በተለይ በሕፃናት ሞት ላይ። አብዛኞቻችንን የጎዳን ግን አንዱ ሌሊት ሳይሆን ሌሊቶቹ መደራረባቸው ነው። በሥራዬ ዘጠነኛ ዓመት ላይ፣ አባቴ ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ትንፋሹን በሰዓት እየቆጠርሁ ራሴን አገኘሁት። በደቂቃ 14 ነበር፤ ፍጹም ጤናማ። ቢሆንም እስኪነቃ ድረስ መቁጠሬን ማቆም አልቻልሁም። ከዚያ በፊት ለወራት እንቅልፍ ይቆራረጥብኝ፣ በትንሽ ነገር እቆጣ፣ ሰው የበዛበት ቦታ ስገባ መውጫውን እፈልግ እንደነበር የተረዳሁት ያን ቀን ነው። በዚያን ጊዜ የምሠራበት ተቋም ውስጥ «ደከመኝ» ማለት የብቃት ማነስ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ለማንም አልተናገርሁም፤ በመጨረሻ ባለቤቴ ነች የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ እንድሄድ ያደረገችኝ። ሕክምናው ረድቶኛል፤ ዘግይቼ መሄዴ ግን ሁለት ዓመት አስከፍሎኛል። በድንገተኛ ሕክምና ሠራተኞች ላይ ከአስጨናቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከሰተው የአእምሮ ሕመም ከሌላው ሕዝብ በብዛት እንደሚታይ የታወቀ ነው። ከከባድ ጥሪ በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ በግድ ማናገር ሕመሙን እንደሚከላከል ይታመን ነበር፤ ጥናቶች ግን ይህን አልደገፉትም። እኔ ሲጠቅም ያየሁት ሌላ ነገር ነው፦ ከጥሪው በኋላ ከባልደረባ ጋር በጸጥታ መቀመጥ፣ ምን ሠራን ምንስ ቀረን ብሎ በሥራ ቋንቋ መነጋገር፣ መተኛት፣ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩም ሳያፍሩ ወደ ባለሙያ መሄድ።

ሰውነትም ዋጋ ይከፍላል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አንድ መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ሲያወርዱ የሚጎዳው ወገብ ነው፤ ጥሩ አነሣሥ ያልተማረ ሰው በዚህ ሥራ አይቆይም። የሌሊት ፈረቃ እንቅልፍን ብቻ ሳይሆን የምግብ ፍላጎትንና ቁጣንም ያዛባል። አምቡላንሱ ራሱ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ሳይረን እያሰሙ መብረር ብዙውን ጊዜ የሚቆጥበው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን የግጭትን አደጋ ግን ይጨምራል፤ ስለዚህ ጎበዝ የምለው አሽከርካሪ ከኋላ የተኛው ታካሚ ብሬኩ ሲያዝ የማይሰማው ነው። በታካሚ ወይም በዘመድ መሰደብና መመታትም በሁሉም አገር ያለ ችግር ነው፤ ይህን «የሥራው አካል ነው» ብለው እንዳይለምዱት፣ በየጊዜው ሪፖርት እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ክፍያን በተመለከተ ከአገር አገር ስለሚለያይ ብዙ አልልም፤ ከተሸከሙት ኃላፊነት ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ሥልጠናውም እንዲሁ ይለያያል፤ በአንዳንድ አገር የሦስት ዓመት የዲግሪ ትምህርት ነው፣ በሌላው ከመሠረታዊ የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና ቀጥሎ ከአንድ ሺህ ሰዓት በላይ የሚወስድ ኮርስ ነው። የትም ቢማሩ፣ ከመመዝገብዎ በፊት ፈቃድ ጠይቀው አንድ ሙሉ የሌሊት ፈረቃ በታዛቢነት ቢያሳልፉ መልካም ነው። በዚያ ሌሊት ጥሪዎቹን ሳይሆን በጥሪዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ ይመልከቱ፦ ሠራተኞቹ ስለ ታካሚው በሌለበት እንዴት እንደሚያወሩ፣ ሻንጣውን ማን እንደሚሞላ፣ የደከመውን ማን እንደሚያሳርፍ። ከሥራው ክብደት ይልቅ ሰውን የሚያስለቅቀው ብዙ ጊዜ የሥራ ባልደረባውና የተቋሙ ጠባይ ነው።

ሥራው ከሚወስደው የሚሰጠው ይበልጣል ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ ለእኔ ይበልጣል። ይህን የምለው ግን እርዳታ ጠይቄ ካገኘሁ በኋላ ባለው ዕድሜዬ ላይ ቆሜ ነው፤ በዘጠነኛው ዓመት ቢጠይቁኝ ኖሮ አይበልጥም ብዬ እመልስ ነበር፣ ያም መልስ በዚያን ጊዜ እውነት ነበር። የሙያ ዘመንዎን ሁሉ በአምቡላንስ ላይ ማሳለፍ እንደማይጠበቅብዎትም ይወቁ፤ ወደ ጥሪ መቀበያ፣ ወደ ማስተማር፣ ወደ ነርሲንግ የተሻገሩ ጥሩ ባልደረቦች አሉኝ፣ ማናቸውንም እንደተሸነፈ አልቆጥራቸውም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ሰው እጅዎ ላይ ሲሞት ምን እንደሚያደርጉ ነው፤ ይህ በእርግጥ ይደርሳል፣ ምናልባትም በመጀመሪያው ዓመት። ቡድኑ ጥረቱን ለማቆም ሲወስን ሰዓቱን ጮክ ብለው ይናገሩና ይጻፉት። ሞቱ የሕግ ምርመራ የሚያስፈልገው ካልሆነ፣ የተቀደደውን ልብስ ሰብስበው ገላውን ይሸፍኑ፣ ወለሉ ላይ የተበተነውን ፕላስቲክ ያንሡ፤ ቤተሰቡ ወደዚያ ክፍል ሲገባ የሚያየው ለዕድሜው ሙሉ የሚያስታውሰው ነገር ነውና። ጓንትዎን አውልቀው፣ እጅዎን ታጥበው ወደ ቤተሰቡ ይሂዱ፤ ከቻሉ ይቀመጡ፣ ስምዎን ይንገሯቸው፣ ሟቹንም በስሙ ይጥሩ። «ሕይወቱ አልፏል» ይበሉ እንጂ «አልተሳካልንም» ወይም «ሁኔታው ጥሩ አይደለም» አይበሉ፤ የደነገጠ ሰው ከተሸፋፈነ ቃል ውስጥ ተስፋ ይፈልጋል፣ ያንንም ተስፋ ሁለተኛ ጊዜ መንጠቅ ጭካኔ ነው። ከዚያ ዝም ይበሉ። ሠልጣኞቼ ሁሉ ይህችን ዝምታ በንግግር ለመሙላት ይቸኩላሉ፤ እኔም ለብዙ ዓመት እቸኩል ነበር። ጥያቄ ከመጣ በእውነት ይመልሱ፣ ሰውዬው ይሠቃይ እንደነበር ከጠየቁዎት የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ፣ አብሯቸው የሚሆን ሰው እስኪመጣ ይቆዩ። አምቡላንሱ ጋ ሲመለሱ የተጠቀሙበትን አድሬናሊን ይቁጠሩ፣ አዲስ ፓድ ያስገቡ፣ ኦክስጅኑን ይመልከቱ፤ ለቀጣዩ ጥሪ ዝግጁ ነን ብለው ከመናገርዎ በፊትም ባልደረባዎን ዓይኑን እያዩ «እንዴት ነህ?» ብለው ይጠይቁት፣ መልሱን እስኪሰሙም ሞተሩን አያስነሡ።